የሹራብ ሠሪዋ አክስቴ ታክስ

አክስቴ ሁልጊዜ ጠዋት የስልኳን ፊት በቀሚሷ ጫፍ ትወለውላለች። ትእዛዝ የሚመጣላት በእሱ ነው። የሕፃናት ሹራብ እየሠራች በኢንተርኔት ትሸጣለች፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ገዢ እንኳ አላማረረባትም።

ባለፈው ወር ግብር ቢሮ ሲጠራት አብሬያት ሄድኩ። ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠው ሠራተኛ፣ "እናቴ፣ የሽያጭ ታክሱን ለምን አላስገቡም?" አላት።

"ድረ ገጹ እየቆረጠ የሚያስገባልኝ መስሎኝ ነዋ!"

"እሱማ የሚቆርጠው ቁረጥልኝ ላለው ነው። እርስዎ ሱቁን ሲከፍቱ 'ራሴ ሰብስቤ አስገባለሁ' የሚለውን መርጠዋል።"

"ከማንም አልሰበሰብኩም እኮ። ያልበላሁትን ልክፈል?"

"ከነቅጣቱ።"

"ልጄ፣ እኔ ሹራብ እንጂ ገንዘብ መሥራት መቼ ተማርኩ?"

ሰውየው ሳቀ። የዕዳው ወረቀት ላይ ግን ማኅተሙን መታበት።

የሹራብ መሥሪያ መኪናዋ ትናንት ተሸጠ፤ የዕዳውን ግማሽ እንኳ አልሸፈነም። ዛሬም ጠዋት ስልኳን ወለወለች። አንዲት እርጉዝ ሴት ቢጫ ሹራብ አዛለች። አክስቴ የሹራቡን ፎቶ ብዙ ስታየው ቆየችና "ይቅርታ፣ ዘግተናል" ብላ ጻፈችላት።

ታሪክሽን ልጻፈው ብላት፣ "ጻፊው፤ በእኔ ሞኝነት ሰው ይማርበት" አለችኝ። ቆይታ ደግሞ፣ "ያቺን ነገር ብቻ ተያት። ገና ልጅ ነሽ፤ የሰው አፍ ክፉ ነው።"

ሱቁን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። የታክሱን ጥያቄ ሳላነብ ነካ አድርጌ ያለፍኩትም እኔ ነኝ።