ጋሽ ደሴ ሊረጩት የነበረው መድኃኒት

ዛሬ በከተማችን በገንዳ ውሃ ከእኔ በላይ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አልተገኘም። እሺ፣ ከስልኬ በቀር።

ጎረቤቴ ጋሽ ደሴ የአረም መድኃኒት ይዘው ሰሊጣቸውን ሊረጩ ሲሉ ደረስኩና "ይቆዩ፣ ጀሪካኑን ላንብበው" አልኳቸው።

"አንተ? ትናንት ፊደል ቆጥረህ!" ብለው ሳቁብኝ።

የማታ ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር በስልኬ ፎቶ አንስቼ፣ ትርጉሙን አይቼ በቀን ሦስት ቃል እይዛለሁ። ማሽላ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከዘር ከረጢት ላይ ይዤው ነበር፤ ጀሪካኑ ላይ አገኘሁት። ቀሪውን ስልኬ ተረጎመው፦ "ለማሽላ ብቻ። ሰሊጥን ያደርቃል።"

ጋሽ ደሴ ክዳኑን መልሰው ገጠሙና "ከእንግዲህ መምህር ብዬሃለሁ" አሉኝ።

እናንተስ አንዲት ቃል ማወቃችሁ ከምን አዳናችሁ? ጻፉልኝ።

"መምህር" የምትለዋን ግን እኔ ነኝ የጨመርኳት። እሳቸው ያሉት "በል ና፣ ቤት ያሉትንም ጀሪካኖች አንብብልኝ" ነው።