ሻሜ ትንፋሽ ይይዛል

«መተንፈስ የምታስተምሪኝ አንቺ ማነሽ? ባሕር ያየሽው አምና አይደለም እንዴ?»

ሽማግሌው ሻሜ ነው ጀልባው ላይ ቆሞ የሚጮኸው። እዚህ ፔምባ ደሴት ላይ ሠላሳ ዓመት ትንፋሹን ይዞ እየጠለቀ ባለ ስምንት እግሩን ኦክቶፐስ ሲያወጣ ኖሯል። አሁን ቱሪስት ይዞ ለመጥለቅ ወረቀት ያስፈልግሃል ተባለ። ፈታኟ ደግሞ ሉሲያ ናት፤ ከዶዶማ፣ ከከብት አገር ከመጣች ገና ዓመቷ። ፈትናው ሁለቴ ጣለችው።

«አባባ፣ አየር በሲሊንደር ጀርባዎ ላይ ተሸክመው ትንፋሽ ይቆጥባሉ። እንደያዙት ወደ ላይ ከወጡ ሳንባዎ እንደ ፊኛ ይፈነዳል።»

«ይሄ ሳንባ?» ደረቱን ደለቀው። «ስንት ዘመን ጠልቆበታል፣ መቼ ፈነዳ?»

«ያኔ አየሩን ላይ ስበው ነበር የሚወርዱት። አሁን እታች ነው የሚስቡት፤ ሲወጡ አየሩ እየሰፋ ይሄዳል።»

ይሄማ ገብቶታል። ያበገነው ገላው አልሰማ ማለቱ ነው፤ ውሃ ሲነካው ትንፋሹ በራሱ ቀጥ ይላል።

«ዛሬ አንዴ ከያዙ ጢምዎን እላጨዋለሁ» አለች።

«ካልያዝኩስ?»

«ወረቀቱን ይወስዳሉ።»

«እሱማ ሥራሽ ነው። ኦክቶፐስ ትበያለሽ። ዓመት ሙሉ ሚስቴ የሠራችውን ስትጸየፊ ኖረሻል።»

«አንድ እግሩን» አለች ሉሲያ።

«ስምንቱንም።»

እጅ ለእጅ ተመታቱና ወረዱ። እኛ ሌሎቹ ተፈታኞች ጀልባው ጠርዝ ላይ ተደፍተን አረፋ እንቆጥራለን። መጀመሪያ ሁለት ቦታ ይቡለቀለቅ ነበር፤ ሻሜም ይተነፍሳል ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ አንድ ላይ ተደባለቀ፤ የቱ የሱ፣ የቱ የሷ እንደሆነ ማን ይለይ።