ላሟ ታች፣ እንሰቱ ላይ

ቤታችን ከጂንካ በላይ ዳገቱ ላይ ነበር፤ ጎጆው መሀል፣ እንሰቱ ዙሪያውን። ላማችን ከእኛው ጋር ጎጆ ውስጥ ታድራለች። ጠዋት እናቴ እበቱን በቅርጫት አውጥታ እንሰቱ ሥር ትደፋዋለች። በጋ መጥቶ ሣር ሲጠፋ ደግሞ ላሟ የእንሰቱን ቅጠል ትበላለች። ጥላው ሥር ቡናና ጎደሬ ይበቅላል። ለጃርት የእንሰት ሥር ነፍሱ ነው፤ ግን ውሻችንንና የጎጆውን ጭስ ሽታ ፈርቶ አይቀርብም። ሁሉም ተያይዞ ነው የቆመው። ይህን ለማወቅ ስምንተኛ ክፍል መድረስ አላስፈለገኝም።

መንግሥት የላከብን ካድሬ ግን አያውቅም። እንሰት ከማይበላበት አገር የመጣ ሰው ነው። "መንደር ምሥረታ" ብሎ ታች መንገዱ ዳር ገመድ ወጠረና ቤቶቻችንን አፍርሰን በመስመር እንድንሠራ አዘዘ። እናቴ አማርኛ ስለማትችል አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

"ላሟ ታች፣ እንሰቱ ላይ! ሰውዬው አብዷል?" አለች በቋንቋችን፣ በአሪኛ።

"ጓድ፣ ትንሽ ይርቀናል ትላለች" አልኩ እኔ።

"በያት፣ ይሄን ፍሬ የሌለው ሙዝ ትታ በቆሎ ትዝራ!" ብሎ ሳቀ።

ሙዝ! እንሰትን ሙዝ የሚል ሰው እኛን ሊያስተምር! ያኔ እንዳለው ለእናቴ ተረጎምኩላት። አሁን ግን እርሳስ ይዣለሁ፤ ደስ እያለኝ ልናደድ።

አፍርሰን ወረድን፤ ክረምቱ ሳያልቅ የሆነው ሆነ። ታች እበቱ በየደጁ ተቆለለ፤ ዝንቡ ዓይን አያስገልጥም። ላይ ደግሞ እንሰቱ እበት አጥቶ ገረጣ። ጭስ የለ፣ ውሻ የለ፤ ጃርት እንደ ልቡ ገብቶ ሥር ሥሩን ፈለፈለው። እናቴ ወገቧ እስኪቆረጥ ዳገቱን እበት በቅርጫት ተሸክማ ተመላለሰች። በየጠዋቱ የወደቀ እንሰት ታገኛለች። ስንት ዓመት ጠብቃ ካሳደገችው ሁሉ ስድስት እግር ብቻ ቀረ።

ይሄኔ ስብሰባ ተጠራ። ካድሬው ተነሥቶ እኛኑ ወቀሰ፤ "እናንተ ሴቶች፣ መንደሩን በእበት አቆሸሻችሁት!"

እናቴ ብድግ አለች። "ንገሪው። እበቱ ቆሻሻ የሆነው አንተ እዚህ ካወረድከን በኋላ ነው በይው። ላይ እያለን ምግባችን ነበር። ገመድህ ላይ ምን ይበቅላል? በይው።"

አንዲት ቃል ሳልቀንስ ነገርኩት። ሴቶቹ ሁለቴ ሳቁ፤ አንዴ በአሪኛ፣ አንዴ በአማርኛ።

"ይሄ የእሷ ነው የአንቺ?" አለኝ ዓይኑ ደም ለብሶ።

"የእሷ ነው። የእኔም ነው።"

"ተቀመጪ!" ብሎ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ እንዲያስተረጉም አዘዘ። ጸሐፊው የእኛው የአሪ ልጅ ነው፤ ሁሉንም ሰምቷል። "ጓድ፣ እሺ እናጸዳለን ነው የምትለው" አለ። በንዴት ጥርሴን ነከስኩ። ግን እኔስ በመጀመሪያው ቀን ያደረግሁት ከዚህ በምን ይለያል?

በማግስቱ እናቴ ላሟን ፈታች፣ ውሻውን ጠራች፣ ዳገቱን ወጣች። ከስድስቱ እንሰት መሀል የቅጠል ዳስ ሠርታ እሳት አነደደች። እኔ ደብተሬን ይዤ ልከተላት ስል ጸሐፊው መንገድ ላይ አስቆመኝ።

"ቤታችሁ ለምን ተዘጋ? ጓድ ቢጠይቀኝ ምን ልበል?"

"ቤቱ መስመሩን አልለቀቀም በለው፤ የለቀቅነው እኛ ነን።"

ስደርስ እናቴ የላሟን ችካል እየመታች ነበር። ጸሐፊው ያለውን ነገርኳት።

"ታዲያ እዚያ ቤት ጓዱ ይደርበታ!" አለችና ላሟን እንሰቱ ሥር አሰረች።