እናቴን ብቻዬን ለማንሳት

ስፖርት የጀመርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ለቁመና ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ ባለሱቅ ሴት ነኝ፣ ስኳርና ሳሙና ስሸጥ ከወገቤ በታች ባንኮኒው ይሸፍነዋል፣ የሚያየኝ የለም። የጀመርኩት እናቴ ውሃ መጠጣት ስላቆመች ነው።

በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ደጃፍ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ከሐኪም ቤት ስትመለስ እግሮቿ አልታዘዝ አሏት። ቀን ቀን ግቢያችን ውስጥ ጥላ ሥር፣ በገመድ የተጠለፈው አንገረብ አልጋ ላይ ትተኛለች። ከዚያ እስከ መታጠቢያውና መጸዳጃው አሥራ አምስት እርምጃ ይሆናል። አንስቼ ላድርሳት ብዬ አንዴ ሞከርኩና ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀመጥን። ከጎረቤት ሴት ጋር ሆነን ብንሞክር ደግሞ ጎኗን አሳመምናት። ወንድሜ ርቆ አብርሃ ጅራ በምትባል ከተማ እርሻ ይዟል፤ በየቀኑ ና አይባልም። ስለዚህ አጥር የሚጋራንን ሰው መጥራት ጀመርኩ። ከጎጃም የመጣ ጫኝና አውራጅ ነው፣ ጨዋ ሰው። ግን ባዳ ወንድ ነው። ባነሳት ቁጥር እናቴ ከራስ እስከ እግሯ የተጠቀለለችበትን ቶብ ጫፍ ፊቷ ላይ ትስባለች።

ቆየት ብላ ውሃ ስሰጣት «ጠጥቻለሁ» ማለት አመጣች። ዶሮ እንኳ አፏን ከፍታ በምትውልበት በመተማ ሙቀት፣ ከንፈሯን ከማርጠብ አታልፍም። ነገሩ ሲገባኝ በጣም ተናደድኩ።

«እማ፣ ራስሽን ልትገይ ነው?»

«ባዳ ወንድ በቀን አምስቴ ከሚያቅፈኝ ጥሜን ብችለው ይሻለኛል» አለችኝ።

የውሃ ጣሳውን አጠገቧ አስቀመጥኩት። በልቤ ግን እዚያው ወሰንኩ፤ እናቴን የማነሳት እኔ ነኝ።

ስፖርት ሲባል የማውቀው ሩጫ ብቻ ነበር። ሸራ ጫማ ገዛሁ፣ ከቀሚሴ ሥር ሱሪ አጠለቅሁ፣ ሂጃቤን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩና ከሱብሂ ሶላት በኋላ ዋናውን መንገድ ይዤ ሮጥኩ። ነገር ግን መተማ ዮሐንስ የድንበር ከተማ ናት። አንዲት ትልቅ ሴት ማለዳ ስትሮጥ ያየ ሰው ስፖርት ነው ብሎ አያስብም። አንዱ ባለሱቅ ግማሽ የከፈተውን በር መልሶ ዘጋ፤ ቀጥሎ ያለው እሱን አይቶ ዘጋ። ሻይ የምታፈላዋ ሴት ብርጭቆዎቿን ሰብስባ ከሰሉ ላይ ውሃ ደፋች። አንድ ባጃጅ ዞሮ ወደ መጣበት ተመለሰ። ከኋላዬ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ጀለቢያቸውን በእጃቸው ሰብስበው እየሮጡ «ልጄ፣ ከየት በኩል ነው?» ይሉኛል።

«ምኑ?»

«የምትሸሺው ነዋ!»

«ስፖርት ነው አባባ።»

ቀጥ ብለው ቆሙ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ሲያዩኝ ቆይተው «አላህ ይይልሽ!» ብለውኝ ሄዱ። ሳምንቱን ሙሉ ደንበኞቼ ሱቅ ሲገቡ «ዛሬ ሰላም ነው? አልሮጥሽም?» እያሉ ሲያሾፉብኝ ሰነበቱ።

አፈርኩ፤ ግን እልኸኛ ነኝ፣ አልተውኩትም። ወደ ጎረቤቴ ሄጄ እውነቱን ነገርኩት፤ «እናቴን ብቻዬን ማንሳት እፈልጋለሁ። አንተ ኩንታሉን እንዴት ነው የምታነሳው?» ይቀየመኛል ብዬ ነበር፣ እሱ ግን ሳቀ። «እስኪ እትዬ፣ ይቺን ጀሪካን አንሻት» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አነሳኋት።

«በይ ተያት! በዚህ አያያዝሽ ወገብሽ ተቀጭቶ አንቺም እማማ አጠገብ ትተኛለሽ።»

መጀመሪያ በባዶ እጄ ቁጭ ብድግ አስጀመረኝ። እግር ከፈት፣ ደረት ቀና፣ ዝቅ፤ ከዚያ አየር እያስወጡ ብድግ። አሥር ጊዜ ሠርቼ በማግስቱ መቀመጥ አቃተኝ። ደንግጬ ስነግረው «እሱ ጡንቻ ነው፣ ያልፋል፤ መገጣጠሚያሽን ከወጋሽ ግን አቁሚ» አለኝ። አንድ ቀን እንድሠራ፣ አንድ ቀን እንዳርፍ አዘዘኝ። እኔ ቸኩዬ በእረፍቴ ቀን ተደብቄ ስሠራ ትከሻዬ ተያዘና ሳምንት ሙሉ አልለቀቀኝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

ከአምስት ሊትር ጀሪካን ወደ አሥር፣ ከአሥር ወደ ሃያ ሄድኩ። ደረቴ ላይ አስጠግቼ አሥራ አምስት እርምጃ ወዲያ፣ አሥራ አምስት ወዲህ። ሁሌም ፀሐይ ሳትከር ነው፤ እዚህ አገር ረፋድ ላይ ስፖርት መሥራት እብደት ነው። ከዚያ ጎረቤቴ ማዳበሪያ ውስጥ ሰሊጥ ጨምሮ ሰፋልኝ፤ በየሳምንቱ እየፈታ ጥቂት ያክልበታል። ሰሊጥ አስቸጋሪ ነው፤ እጀታ የለውም፣ ሲያቅፉት ይሸሻል። «ሰውም እንዲሁ ነው» አለኝ።

እናቴ አንገረቧ ላይ ሆና ታየኛለች። «እሹሩሩ በይው እንጂ!» ትለኛለች። እስቃለሁ፣ አጠገቧ እንደሞላ የተቀመጠውን የውሃ ጣሳ ሳየው ግን ሳቄ ይጠፋል።

የወደቀች ሰሞን ስትመዘን ሃምሳ ኪሎ ነበረች። ስለዚህ ማዳበሪያው ሃምሳ ሳይገባ አልሞክራትም ብዬ ነበር። አራት ወር ፈጀብኝ። መጋቢት ላይ ሃምሳውን ታቅፌ መታጠቢያው ድረስ ደርሼ ተመለስኩ፤ አልጣልኩትም። በማግስቱ ጎረቤቴን አልጠራሁትም።

«እማ፣ አንገቴን ያዢ» አልኳት። እግሬን ከፈት አደረግሁ፣ ደረቴን ቀና አደረግሁና ለሃምሳ ኪሎ የሚበቃ ጉልበት ሰብስቤ ብድግ አልኩ። እናቴ ከጠበቅሁት በላይ ፈጥና መጣች። ወደ ኋላ ተንገዳገድኩ፤ «ቀስ!» ብላ ጮኸች። ክንዴ ሰሊጥ ሲመዝን ከርሟልና አልተሳሳተም፤ ሠላሳ አምስት ብትሞላ ነው። እኔ ኪሎ ስጨምር እሷ ስትቀንስ ነበር። በየቀኑ አጠገቧ እየዋልኩ አላየሁትም።

«ውይ ልጄ፣ እንዴት ጠንክረሻል!» አለችኝ። ፊቷን አልሸፈነችም።

«አዎ እማ፣ ጠንክሬያለሁ» አልኳት።

ስመልሳት ጣሳውን ጨልጣ ሁለተኛ ጠየቀች። ቀዳሁላትና ሱቄ ገብቼ አለቀስኩ።

ዛሬም እሠራለሁ። ጎረቤቴ «ከእሳቸው በላይ እያነሳሽ ነው፣ በቃሽ» ቢለኝም አልተውኩም። አሁን የምለማመደው ሃያ ኪሎውን ጀሪካን እንደ ከባድ ነገር ቀስ ብሎ ማንሳት ነው፤ እስከ ስምንት እየቆጠርኩ፣ ሳልፈናጠር። ይሄኛው ከሃምሳው ይከብዳል። እናቴ እጄ ላይ ሆና ምን ያህል እንደቀለለች ማወቅ የለባትም።