ዘይቱ እስኪደርስ

በዚያ ቀን ጋራዡ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። ስም አልጠራም፤ እያንዳንዳችን ራሳችንን እናውቃለን።

አንደኛዋ የመኪናዋ ባለቤት እትዬ ናቸው። ጁባ፣ ካስተም ገበያ ዳር ምግብ ቤት ነበራቸው። እንደ ፈረንጆቹ በ2016ቱ ውጊያ እስከ ድስት ክዳኑ ድረስ ተዘረፈና፣ ከካስተም ሸሪካት የምትመላለስ አንዲት ሚኒባስ ብቻ ቀረችላቸው። ሁለተኛው ሹፌራቸው ነው፤ የጁባ ሰው ሆኖ ጋምቤላ ያደገ፣ አማርኛውን ከጁባ አረብኛ ጋር የሚቀላቅል፣ ሁሉን ነገር ወደ ቀልድ የሚወስድ። ሦስተኛው ጋሼ፣ ሙያውን ደብረ ብርሃን የተማሩት የጋራዡ ባለቤት። አራተኛው የጅማው መለዋወጫ ነጋዴ። የዘይት ፓምፑን ያመጣልን እሱ ስለነበር፣ ሞተሩ ሲነሳ ልስማ ብሎ ሱቁን ዘግቶ መጣ። አምስተኛው እኔ። ሞተር ቁጭ አድርጎ ያስተማረኝ የለም። ጋሼ ሲፈቱ እያየሁ፣ የተጣለውን ራሴ እየፈታሁ ነው የለመድኩት። ብዙ አላወራም ነበር።

ነገሩ በቀጣዩ ዓመት ሙቀቱ በሚያይልበት ወቅት ላይ ነው። የሚኒባሷ ሞተር ታድሶ ተገጥሟል። የቀረን ማስነሳት ብቻ ነበር፤ እሱን ነበር የፈራነው።

ኮሎ የምንለው ዋናው ዘንግ ከዚያ በፊትም በቶርኖ ተልጓል፤ አሁን ለመጨረሻ ጊዜ ተላገ። ከዚህ በላይ ከቀጠነ የሚገጥምለት ብሮንዚን፣ ማለትም ዘንጉ የሚያርፍበት ስስ ልባስ፣ ካምፓላ ድረስ ቢፈለግ አይገኝም። በሁለቱ መሃል ዘይት ሳይደርስ ሞተሩ ከተነሳ ብረት ብረትን ይበላል። ለዚያ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። እትዬ ይህን ያውቃሉ። ጠዋት ሲገቡ፣ «ይቺ ከሞተች እኔም ሻንጣዬን አንስቼ ወደ አገሬ ነኝ» ብለው በርሜል ላይ ተቀመጡ።

ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት ዘይቱን በየቀዳዳው ማዳረስ ያስፈልጋል። እሳት የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈትቼ ኪሴ ከተትኩ። ካንዴላ ከሌለ ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም። በዳሽቦርዱ መብራት ፈንታ የዘይት ግፊት የሚያሳይ ጌጅ አሰርን። ማስነሻው ሞተሪኖ ሲያዞረው ፓምፑ ዘይት ይገፋል፤ የጌጁ ቀስት ከዜሮ ይነሳል። ሐሳቡ ይኸው ነው።

በጋሼ ጋራዥ የታደሰ ሞተር የመጀመሪያ ቁልፍ የሚዞረው በባለቤቱ እጅ ነው። ሲነሳ ደግሞ እንደ አራስ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። እትዬ መሪው ጋ ተቀመጡ።

«ያዙሩት፣ እህቴ» አሉ ጋሼ።

ሞተሪኖው አጓራ። ቀስቱ ዜሮ ላይ ነው። አሳርፈን ደገምን። ዜሮ። አሁንም ዜሮ። ጌጁን ፈትቼ አየሁት፤ ቀዳዳው እንኳን ዘይት፣ ወዝ አልነበረውም።

የባትሪው ጉልበት እየደከመ ነበር። ያኔ ከመሸ ማንም መንገድ ላይ መገኘት አይፈልግም። ሹፌሩ ፀሐይዋን አየና «ኡስታ» ወደሚላቸው ጋሼ ዞረ።

«ኡስታ፣ ኸላስ በቃ፣ ካንዴላውን እንሰርና እናስነሳት። ስትነሳ ራሷ ትስባለች። ካስተም ያለው መካኒክ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያደርገው።»

«ካስተም ያለው መካኒክ ሁሉ እንዳንተ ነዋ» አለ ነጋዴው።

«አንተ ዝም በል፣ ፓምፕህ ነው የማይስበው!»

«ወላሂ ፓምፑ አዲስ ነው! ከነላስቲኩ ነው ያስረከብኳቸው። ጋሼ፣ ይናገሩ እንጂ!»

ጋሼ ላባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። ፓምፑን ለማውጣት የሞተሩን ፊት እንደገና መፍታት ነው፤ ከተፈታ ደግሞ መሃል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይቀደዳል፣ ሌላ እስኪመጣ ይጠበቃል። «እስቲ ምናልባት . . .» አሉና ወደ እኔ እጃቸውን ዘረጉ። ካንዴላዎቹን ነው የፈለጉት።

እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ጋሼን እምቢ ብያቸው አላውቅም፤ እምቢም አላልኩም።

እትዬ በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ። «አንተ ዝምተኛው፣ ምንድን ነው የምታስበው? ተናገር።»

«ደረቅ ነው፣ እትዬ» አልኩ። «ጠብታም አልወጣም።»

«እንግዲያው አይነሳም» አሉና ቁልፉን ነቅለው ጉያቸው ውስጥ ከተቱት።

ሹፌሩ ጎማውን በእርግጫ መታ። ነጋዴው ግን ወደ ጋሼ ተጠጋ። «ፓምፑን ስታስገቡት ምን አደረጋችሁለት?»

«እንደ ወጉ ነዋ። ውስጡን ቅባት ሞላነው።»

ይህ ትክክል ነው። ደረቅ ፓምፕ አየር ብቻ ነው የሚያዞረው። ጥርሶቹ መሃል ቅባት ከተሞላ ግን ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ከታች ዘይት ይስባል።

«ምን ቅባት?»

«ቫዝሊን አጥተን . . .» ጋሼ ወደ እትዬ ተመለከቱ።

«እኔ ነኝ ሉሉ ያመጣሁላቸው» አሉ እትዬ። «የምቀባውን። ንጹሕ ነው።»

ሹፌሩ ዞረ። «ሉሉ? በዚህ ሙቀት? እናቴ ሉሉ ስትቀባኝ ትምህርት ቤት ሳልደርስ ሸሚዜ ላይ ነበር! በቆርቆሮ ቤት ሉሉ ውሃ ነው፣ ኡስታ፣ ውሃ!»

ሉሉ ከዛፍ ፍሬ የሚወጣ የአገሬው ቅባት ነው፤ ጠዋት ይረጋል፣ ቀትር ላይ ይፈሳል። ፓምፑን ካስገባን በኋላ ደግሞ ከኡጋንዳ የሚመጣው ጓርኒሲዮን በመንገዱ ምክንያት ዘግይቶብን፣ ሞተሩ ብዙ ቀን በጋለ ቆርቆሮ ሥር ቆሟል። የሞላነው ቅባት ቀልጦ በራሱ ጊዜ ወርዶ ነበር። ደብረ ብርሃን ቢሆን እንደተሞላ ይከርም ነበር። ጋሼ መሬቱን እያዩ፣ «እዚህ አገር ብርድ የለም፣ ረሳሁት» አሉ።

ፓምፑን ሳናወጣ ማጠጣት ነበረብን። የዘይት ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ፈታሁ። ከሥሩ ከፓምፑ የሚመጣ ቀዳዳ አለ። ከፋርማሲ ትልቅ ሲሪንጅና የግሉኮስ ቱቦ መጣ። ጋሼ ከመኪናዋ ሥር ተኝተው ኮሎውን በትልቅ ቁልፍ ወደ ኋላ ማዞር ጀመሩ፤ በጣም በቀስታ፣ የሞተሩ ሰንሰለት ጥርስ እንዳይዘል። ወደ ኋላ ሲዞር ፓምፑ ከላይ የምንሰጠውን ወደ ታች ይስባል። ቢያንስ እንዲያ ብለን ነበር የገመትነው።

ዘይቱን ጨመርኩ። ቀዳዳው አፍ ድረስ ሞላና ቆመ። ጋሼ አዞሩ። አልተነቃነቀም።

«ወረደ?» አሉ ከታች።

«አልወረደም።»

ጥቂት አዞሩ። የዘይቱ ፊት ላይ አንዲት አረፋ ወጥታ ፈነዳች። ከዚያ በቀስታ፣ ዓይን ያታለለ እስኪመስል፣ ዘይቱ ዝቅ አለ።

«እየጠጣ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ያን ያህል መጮህ እንደምችል አላውቅም ነበር።

እያዞሩ፣ እየጨመርኩ፣ መውረዱን እስኪያቆም ቀጠልን። ፊልትሮውን ዘይት ሞልቼ መለስኩት። እትዬ ቁልፉን ከጉያቸው አውጥተው አዞሩ። ሞተሪኖው አሁን ያቃስታል። ቀስቱ ዜሮ ላይ ነው። ደገሙ፤ ዜሮ። ነጋዴው ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። በሦስተኛው ቀስቱ ነዘረና ተመለሰ፤ ከዚያ ተነሳ፤ ተነስቶም ቆየ።

«ካንዴላ!» አለ ሹፌሩ እጁን ዘርግቶ።

«ቆይ» አልኩ። የሞተሩን የላይ ክዳን ከፍቼ በእጅ ባትሪ አየሁ። ዘይቱ ከፓምፑ በጣም የሚርቀው ቦታ ያ ነው። እዚያ ከደረሰ ሁሉም ጋ ደርሷል። እትዬን አንዴ አስዞርኳቸው፤ ደረቅ። ሌላ አንዴ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ከፍተሻ ኬላ ትብሳለህ!» አለ ሹፌሩ።

ከዚያ ብረቱ ሲያብረቀርቅ አየሁ። ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ አወጣሁ፤ ኪሴ ውስጥ ሞቀው ነበር።

ሲነሳ መጀመሪያ ደረቅ ድምፅ፣ ጠጠር እንደሚፈጭ ዓይነት፣ ተሰማ። ጋሼ የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ድምፁ ሳሳ፣ ጠፋ፤ የቀረው የሞተር ድምፅ ብቻ ነበር። ጋሼ ካቻቪቴውን አወረዱና ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አለ ሹፌሩ ቦኔቱን እየደባበሰ።

«አላህ ያሳድግልሽ» አለ ነጋዴው።

እትዬ ሻንጣቸውን አላነሱም። በማግስቱ ሚኒባሷ ሸሪካት ደርሳ ተመለሰች።

አሁን የጎደለኝን እናንተ አራታችሁ ሙሉልኝ። ፋርማሲ የሮጠው ማን ነበር? ሹፌሩና ነጋዴው ሁለታችሁም «እኔ ነኝ» ትላላችሁ። ጋሼ፣ ያንን ጠጠር የሚመስል ድምፅ ሲያዳምጡ ምን ነበር የጠረጠሩት? እርስዎም እትዬ፣ ሞተሩ ከተረጋጋ በኋላ ግንባርዎን መሪው ላይ አስደግፈው የሆነ ነገር ብለዋል። እኔ ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ስለነበር አልሰማሁትም። ምን ነበር ያሉት?