ወደ ኬሶንግ የተዘረጋው ሽቦ

ናም ጉንሆ የደቡብ ኮሪያዋ የድንበር ከተማ የፓጁ ሰው ነው፤ ዕድሜውን የፈጀው ኤሌክትሪክ ሲዘረጋ ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ ምሰሶ ላይ ነው። አባቱ የተወለዱት ግን ከድንበሩ ማዶ፣ ሰሜን ኮሪያ ባለችው በኬሶንግ ነበር። ጦርነቱ ካፈናቀላቸው ወዲህ አልተመለሱም። ምሽት ላይ ጣሪያው ላይ ወጥተው ወደ ሰሜን እያዩ፣ "አገሬን ጨለማ ዋጣት" ይሉ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ መንግሥታት ተደራድረው ኬሶንግ ለሚከፈቱት ፋብሪካዎች ከደቡብ መብራት ይግባ ሲባል፣ ጉንሆ ለዝርጋታው ሥራ ማንም ሳይቀድመው ተመዘገበ።

ጎረቤቱ ማ ዶክሱ መቀመጫ አሳጣው። "ለባለ አቶሚክ ቦምብ መብራት ልትቀጥል? ቦምቡን በደንብ እንዲያየው ነው?"

"ለቦምቡ ሻማ አያጣም። እኔ የምቀጥለው ለልብስ ስፌት መኪና ነው።"

መስመሩ ተዘርግቶ አንድ ማያያዣ ብቻ ሲቀር ጠብ ተነሣ። የደቡቡ ሹም "ኃይሉ የኛ ነው፤ የኛ ሰው ይሰረው" አለ። የሰሜኑ ሹም "ምሰሶው የቆመው በኛ መሬት ነው፤ የእናንተ ሰው አይወጣበትም" ብሎ ገገመ። ጀንበሯ አዘቀዘቀች። ስትጠልቅ የድንበሩ በር ይዘጋል፤ ሳይታሰር ከተዘጋ ደግሞ ነገ ለመከፈቱ ማን ዋስ ይሆናል? ጉንሆ የመውጫ ቀበቶውን ታጥቆ ምሰሶው ሥር ቆመ።

አጠገቡ የቆመው የሰሜኑ መስመር ሠራተኛ፣ ሪዩ ቻንግሶክ፣ ገልመጥ አድርጎ አየው። "ለመሆኑ እርስዎ በየትኛው ዓመት ተወለዱ?"

"በፈረስ ዓመት" አለ ጉንሆ፣ ዓመቱን በእንስሳ ስም በሚጠራው በአገሩ አቆጣጠር።

"እኔም በፈረስ። ወቅቱስ?"

"ሩዝ ሲታጨድ።"

"እኔ ሩዝ ሲተከል!" የሪዩ ፊት በራ። "ታናሼ ነሃ! ታዲያ ከኔ እኩል ምን ያቆምሃል?"

ሹማምንቱ ሳይቀሩ ሳቁ። ጉንሆ አንገቱን ደፋ። ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድም፤ ነገሩ እዚያው ላይ ያለቀለት መሰለው።

"ይውጡ፣ ጋሼ፤ የደኅንነት ገመድዎን እኔ እይዛለሁ" አለ።

"ታላቅ ያዛል እንጂ ይወጣል እንዴ? ውጣ!" አለ ሪዩ። ወደ አለቃው ዞሮም፣ "ጓድ፣ የሚወጣው በኔ ትእዛዝ ነው። እንግዲህ ያሰረው ሰሜን ነው" አለ።

ሹማምንቱ ተያዩ። ሁለቱም ከምሰሶው ሥር ገለል አሉ።

"ቶሎ በል አንተ፣ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ!" እያለ ገመዱን የያዘው ሪዩ ራሱ ነበር። ጉንሆ ከላይ ሆኖ ማያያዣውን እስኪበቃው አጠበቀ።

ኃይሉ በተለቀቀ ዕለት ማታ ዶክሱ ሳይቀር ጣሪያው ላይ ወጣ። የጉንሆ አባት ማዶ የተዘረጋውን ብርሃን አይተው አይተው፣ "ማነው ያሰረው?" አሉ።

"እኔ ነኝ አባባ። ታላቅ ወንድሜ አዞኝ።"

"የበኩር ልጄ አንተ ነህ፤ ታላቅ ከየት አመጣህ?"

ጉንሆ ደረቱን ነፋ። "ከኬሶንግ!"