የበለጡ የወረቀት ፍቺ

በለጡ ባሏን የፈታችው ስለምትወደው ነው። ዛሬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ኖሮ ይህን ያልሰማ ካለ ጆሮውን ይታይ።

በ1967 ክረምት የትርፍ ቤት አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ብቻ ተባለ። በለጡና ባሏ አካሉ ግን ሁለት ነበራቸው፤ የሚኖሩበት የለጋሲዮኑ ቤትና እሷ ከአባቷ የወረሰችው የካራው ጎጆ። አካሉ ሦስት ቀን ሲያስብ ሰነበተና "በወረቀት እንፋታ፤ ይሄ ባንቺ፣ የካራው በኔ ስም ይሁን" አላት። ብልጥ ነኝ የሚል ባል ያላት ሴት መቼም ዕረፍት የላትም።

ፍቺ የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩና ተሰበሰቡ። ችግሩ፣ ባልና ሚስቱ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህ ነው የሚባል ጠብ የላቸውም።

"ምን በደለሽ?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ አቶ ገብረማርያም።

"ያንኮራፋል፣ አባባ።"

"እሱማ እኔም አንኮራፋለሁ። ሌላ ጨምሪ እንጂ!"

"እንግዲያው... አይወደኝም ብለው ይጻፉ።"

አካሉ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ተጻፈ፤ ተፈረመ።

እንዳይነቃባቸው አካሉ ካራ ገባ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በጓሮ አጥር ሾልኮ ይመጣል። ሰፈሩ "ፈቷ ሴትዮ ውሽማ ይዛለች" ይላል። በገዛ ባሏ ስትታማ በለጡ ሳቋን ትውጣለች። እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያ ጊዜ ደስ ብሏት አያውቅም።

ከዚያ የካራ ቀበሌ የእሑድ ውይይት አበዛ፤ አካሉ እንደዚያ ነው ያለው። በየሳምንቱ የነበረው መምጣቱ በየወሩ፣ ቀጥሎም ለፋሲካ ብቻ ሆነ። በለጡ ግን እሑድ ለሁለት ሰው ትሠራለች፤ የተረፈውን ሰኞ ብቻዋን አሙቃ ትበላለች።

በ1973 አካሉ ፈትለወርቅ የምትባል የካራ ልጅ በሕግ አገባ። በለጡ የሰማችው ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዛ ነው። እህሉን እዚያው ትታ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ዘሙሩድ ቢሮ ገባች።

"ባሌ በላዬ ላይ ሌላ አገባ!"

"እትዬ በለጡ፣ ከተፋታችሁ ስድስት ዓመታችሁ አይደል እንዴ?"

"የውሸት ነበር እኮ! ለቤቱ ብለን..."

ዘሙሩድ ተነሥታ በሩን ዘጋች።

"እንደዚህ ካሉ መጻፍ አለብኝ። ከጻፍኩ አዲሱ ጋብቻ ሊፈርስ ይችላል። ግን አንዱ ቤት ይወረሳል፤ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። አዋጅ አጭበርብራችኋልና ሁለታችሁም ትታሰሩ ይሆናል። ልጻፍ?"

በለጡ እስክሪቢቶውን አየችው።

"ቢፈርስበት፣ ወደኔ ይመጣል?"

"እሱን ማኅበሩ አያዝም፣ እትዬ።"

"ተዪው" አለች በመጨረሻ።

"እሺ። እንዲያው ከመጡ አይቀር የአባልነት ቅጽ ልሙላልዎት። ባለትዳር ነዎት?"

"ፈት በይ።" ቃሉ ከገዛ አፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

"ልጅ?"

"የለኝም።"

"አብሮዎት የሚኖር?"

"ማንም።"

ዘሙሩድ ቅጹን ገፋ አደረገችላት፤ በለጡ ፈረመች። ግን አልተነሣችም።

"ሌላ የሚጠየቅ የለም?"

ዘሙሩድ ወረቀቱን ገልብጣ አየች። ጀርባው ባዶ ነበር።